ሜትሩን እስክትስበው ድረስ

ጥር 4

ለአክስቴ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለምላሰ ስለታሟ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ? ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ይገባልሻል ወይስ አሁንም መርፌውን ትሰድቢያለሽ? እኔ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽና ከአልጋዬ ሽቦ በቀር የሚወጋኝ ነገር የለም።

የምንሠለጥንበት ግቢ ድሮ የሳሙና ፋብሪካ ነበር አሉ። ግድግዳው እስካሁን ይሸታል፣ ወለሉ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ትናንት አናጺው (እዚህ የምንጠራራው በሙያችን ነው) ደረጃውን ከላይ እስከ ታች በቂጡ ወረደው። እኔ ምንም አላደረግሁም። ውሃውን የደፋሁት እኔ ብሆንም ያንሸራተተው ሳሙናው ነው።

አሥራ አንድ ነን። ስድስት ሳምንት ተምረን ዘጠኛችን ባሕር ተሻግረን እንሄዳለን፣ ብርድ ልብስና መድኃኒት ለተቸገረ ለማደል። ሁለታችን እንቀራለን። ሙያህ ምንድን ነው ሲሉኝ ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቋረጥ ሙያ አይደለምና «የልብስ ሰፊ ረዳት» አልኩ። ቁልፍ እየሰረቅኩሽ ማደጌም ሙያ ሆኖ ተቆጠረልኝ።

ጠዋት ጠዋት ቁስል ማሰርና ድንኳን መትከል እንማራለን። የከሰዓቱን ትምህርት ብነግርሽ ግን አታምኚኝም። መከልከል! እንቢ ማለትን ያስተምሩናል። አሰልጣኛችን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬ የት ሄደ የምትል ሴት ናት። እሷ እንደምትለው እዚያ ስንደርስ የሚለምነን ሰው ከያዝነው ብርድ ልብስ መቶ እጥፍ ይበልጣል፤ እንቢ ማለት ያልቻለ በሁለተኛው ቀን ታሞ ይመለሳል። ስለዚህ አንዳችን ጠረጴዛ ጋ እንቀመጣለን፣ አንዳችን ለማኝ ሆነን እንገባለን። ሕጉ አጭር ነው። መጀመሪያ «ችግርዎን ሰምቻለሁ» ማለት፣ ቀጥሎ «በእጄ ያለው ለእርስዎ ጉዳይ አይሆንም» ማለት፣ ከዚያ ተነስቶ በሩን ማሳየት። ተስፋ መስጠት የለም፣ መሳቅ የለም፣ ለማኙን መንካት የለም። የነካ ዜሮ።

ለማኝ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ እጄን አወጣሁ። የሱቃችን ጨዋታ አይደል እንዴ! ሻሽሽን ጠምጥሜ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ እንደማላውቅሽ ደንበኛ እየገባሁ ቀሚሴን አጠበቡብኝ፣ ይህን ነው ስፌት የሚሉት እያልኩ የማስለፈልፍሽ። አንቺም እንደማታውቂኝ ሆነሽ በእርስዎ ትከራከሪኛለሽ። አንገትሽ ላይ ያለውን ሜትር ሳብ እስካደርገው ድረስ ማናችንም አንስቅም፤ ሜትሩ ሲሳብ ጨዋታው አለቀ። ትዝ ይልሻል፣ አንድ ቀን መሳቡን ረስቼ ወጥቼ ለምሳ ስመለስ «ማንን ፈልገው ነው?» ብለሽ ደጅ ያቆምሽኝ? ምሳው እስኪቀዘቅዝ!

እና ክርኑ የተጣፈውን ቡናማ ካፖርትሽን ላኪልኝ። ለማኝ ያለ ልብስ አያምርም።

የማይረባው የወንድምሽ ልጅ
ጉዴ

ጥር 11

ለጉዴ፤

ጤና ይስጥህ ልልህ ነበር፤ ግን ጤና ተርፎህ ሰው በደረጃ ታንሸራትታለህ። አናጺውን ይቅርታ ጠይቀው። ካፖርቱ ይኸው። የቀኝ ኪሱ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳጁ አንተው ነህና አላዘንኩልህም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከቤቶች ቢሮ ሰው መጥቶ ነበር። የክፍላችን የኪራይ ውል እስካሁን በአባትህ ስም ነው። ወንድሜ ከሞተ ስድስት ዓመት እንደሆነው ገና አሁን ሰሙ። ውሉ የሚታደሰው ልጁ ሲፈርም ብቻ ነው፣ እህት አትቆጠርም አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በኖርኩበት ክፍል ውስጥ አልቆጠርም። እስከ የካቲት 15 ካልተፈረመ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

አንድ ቀን ናልኝ። ጠዋት መጥተህ፣ ፈርመህ፣ ከሰዓት ትመለሳለህ። ለራሴ የምተኛበት ጥግ አላጣም ይሆናል። የስፌት ማሽን ተሸክማ የምትመጣን ሴት ግን ማን ያስጠጋታል? ማሽኑ ከሌለ ደግሞ እኔ ምን እንደምባል አላውቅም።

ከዚህ በፊት ምንም ጠይቄህ አላውቅም፤ ይህን ልብ በል። መልስህን ቶሎ።

አክስትህ

ጥር 22

ለአክስቴ፤

ሰላምታው ረጅም ነበር፣ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት፤ የምነግርሽ ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ደህና ነሽ አይደል? እንኳን ደህና ሆንሽ።

ካፖርትሽን ለብሼ ለልመና ገባሁ። ምን ብዬ ልለምን ስል ደብዳቤሽ ግራ ኪሴ ውስጥ ነበረ። እንዳለ በቃሌ አወረድኩት! እህት አትቆጠርም ያሉሽን፣ ሃያ ሁለት ዓመቱን፣ ሁሉንም። ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠችው ነርሷ ነበረች፤ ማሽን ተሸክማ የምትመጣን ሴት ማን ያስጠጋታል ስል እንባዋ ዱብ አለ። መሐረብ ልታወጣ ኪሷን ስትጎረጉር ዜሮዋን ተቀበለች። ከእሷ ቀጥሎ የተቀመጠው አስታማሚ ደግሞ ተነስቶ አቀፈኝ፤ እሱም ዜሮ። አናጺው ብቻ እንደ ጣውላ ደርቆ አስወጣኝ፤ የደረጃውን ቂም መሰለኝ።

አሰልጣኟ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው አለችኝ። ከጭንቅላቴ አልኳት። እንዲህ ያለ ጭንቅላት አለህ እንዴ ብላ መነጽሯን ፈለገች።

መምጣቱን በተመለከተ፣ ከግቢው ለአንድ ቀንም የወጣ ሰው ስሙ ይሰረዛል። በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የለጠፍኩት እኔ አይደለሁም። ግን ዘዴ አይጠፋም፣ የካቲት 15 ገና የት አለና። እስከዚያው ደህና አድርገሽ ጻፊልኝ። ያለፈው ጥሩ ነበር፤ ግን መጨረሻው ላይ ቶሎ ቆረጥሽው። ጣሪያው የሚያፈሰውን ጨምሪበት፣ ወገብሽንም። የምለምነው ሰኞና ሐሙስ ነው።

ያንቺው ለማኝ
ጉዴ

ጥር 27

ለጉዴ፤

ወገቤ ለሐሙስ ይደርስልሃል? ሳጎነብስ ያመኛል፣ ስነሳ ደግሞ ይብሳል። ጣሪያው የሚያፈሰው አልጋው በኩል ነው፤ ማሽኑን ወደ በሩ አስጠግቼዋለሁ። ይበቃሃል ወይስ ሳል ልጨምርልህ?

ቢሮው ድረስ ሄጄ ነበር። የጸሐፊዋን የሥራ ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ስለሆንኩ ትንሽ አዘነችልኝ። ልጁ መምጣት ካልቻለ ባለበት ቅጹ ላይ ይፈርም፣ ያለበት ድርጅት ማኅተም ይረፍበት፣ እኛ እንቀበላለን አለች። ቅጹን በፖስታ አልሰጥም፣ ከጠፋ ሌላ የለም አለች፤ ስለዚህ የማመጣው በእጄ ነው። አንተ አሰልጣኝህን ማኅተም ጠይቅልኝ። ፈቅዳለች በለኝ፣ በማግሥቱ እደርሳለሁ። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው።

ነርሷን ሰላም በልልኝ። ዜሮ መቀበሏን ወድጄላታለሁ።

አክስትህ

የካቲት 6

ለአክስቴ፣ ለወገበ ብርቱዋ (ይህን ያልኩት እንዲሻልሽ ነው)፤

ቆየብኝ አትበይ፤ ደብዳቤ የሚታደለን ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ወገብሽ ለሐሙስ ባይሆን ለሰኞ ደርሷል፣ ሦስት ሰው ጥሏል።

አልጠየቅኳትም። ቆይ፣ ሳትቆጪ ስሚኝ። የመጀመሪያው ቀን ቅጽ ሞልተን ነበር። በአንተ እጅ የሚኖር ዘመድ አለህ ወይ ይላል። አለኝ ያለ አይመረጥም፤ መሐል ላይ ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብለው ይፈራሉ። እኔ የለኝም ብዬ ጻፍኩ። የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ላይም ሰረዝ አደረግኩ። ወረቀት ላይ ነው እኮ! ደግሞ የገደልኩሽ ሳላሠቃይሽ ነው፣ በአንዲት ሰረዝ። አሁን ሄጄ ማኅተም ስጡኝ፣ ለአክስቴ ነው ብል አክስቴ ከሞት ተነሳች ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ውሸታም ተብዬ ካፖርቴን ይዤ እወጣለሁ። ካፖርትሽን ማለቴ ነው።

ሌላም አለ። አሰልጣኟ ለብቻዬ ጠርታኝ ነበር።

«ስትለምን አንደኛ ነህ፤ ስትከለክል ግን ትስቃለህ» አለችኝ። «በመጨረሻው ፈተና አንዴ ከሳቅክ ትቀራለህ።»

ቀርቼ ምን ልሁን ብላት፣ እዚሁ ሁን አለች። ለሚመጡት ሠልጣኞች ሁሉ ለማኝ ትሆንላቸዋለህ፤ አልጋና ምግብ አለው አለች። እያሾፈች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ሴትዮዋ ማሾፍ አታውቅም። አስቢው አክስቴ፣ ዕድሜ ልኬን ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ስለምን! ባሕሩን ሳላይ!

የፈተናውን ቀን አልነገሩንም፤ በድንገት ነው። የማናውቃቸው ሰዎች ከውጭ ተቀጥረው መጥተው ይለምኑናል። እሱ ይለፍልኝና ማኅተሙን ብሰርቅም አመጣልሻለሁ። እመኚኝ። የሰረቅኩሽን ቁልፍ ሁሉ መልሼልሽ የለ? ግማሹን።

ጉዴ

የካቲት 12

ለጉዴ፤

ሰረዟን አየኋት። ቀጭን ናት።

ካልጠየቅክ አትጠይቅ። ሦስት ቀን ቀርቶናል፣ እኔው እመጣለሁ። ከነገ ወዲያ ረቡዕ ጠዋት በር ላይ ነኝ። አትፍራ፣ አክስቱ ነኝ አልልም። እንደ ሱቁ ጨዋታ እናደርገዋለን፤ እኔ አላውቅህም፣ አንተም አታውቀኝም። አንዲት ወረቀት ይዛ የመጣች ሴትዮ ነኝ። አንተ ትፈርምልኛለህ፤ ማኅተሙን እኔ ራሴ እለምናቸዋለሁ። የምን ወረቀት ነው ካሉኝ የድሮ ቤት ጉዳይ ነው እላለሁ፣ ውሸትም አይደለም።

ደብዳቤው ዓርብን ጠብቆ ከእኔ በኋላ ቢደርስህም እንድታስታውስ ሜትሩን አንገቴ ላይ አድርጌ ነው የምመጣው። ፈርመህ ስትጨርስ ሳብ አድርገው፤ እኔም ዝም ብዬ እሄዳለሁ። ፊትህንም እግረ መንገዴን አየዋለሁ።

አክስትህ

የካቲት 17

ለአክስቴ፤

እንዴት ነሽ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ለሰላምታ ብዬ አይደለም የጠየቅኩሽ።

ይህ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ዓርብ ነው። ረቡዕ ስትመጪ ምንም አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ደወል ተደወለና ፈተናው ዛሬ ነው ተባልን። አምስት ለማኞች ይመጣሉ ነበር የተባለው፤ ስድስተኛዋ አንቺ ነሽ። ዘበኛው የመጣችን ሴት ሁሉ አስገባ ተብሎ ኖሮ ምንም ሳይጠይቅ ከእነሱ ኋላ አሰለፈሽ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ነበርኩ። አሰልጣኟ እርሳሷን ይዛ ከትከሻዬ ኋላ ቆማለች፤ ትንፋሿ ጆሮዬን ያሞቀዋል። ሁለት ሰው ሳልስቅ አስወጥቻለሁ። ቀና ስል ሜትርሽ።

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሽና ጌታዬ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ አልሽ። ጌታዬ ስትዪኝ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ ምላሴን እስኪደማ ነከስኩት። ችግርዎን ሰምቻለሁ አልኩሽ። የመጨረሻው ቀን ነገ ነው አልሽ። በእጄ ያለው ለእርስዎ ጉዳይ አይሆንም አልኩሽ። በእጄ እኮ ብዕር ነበር። አንቺም ጎንበስ ብለሽ የፊርማውን ቦታ በጣትሽ አሳየሽኝ፣ ስትጎነብሺ ወገብሽን ያዝሽ፣ የሜትሩ ጫፍ ወርዶ እጄ አጠገብ ተንጠለጠለ። አንድ ጣት ይበቃው ነበር። የእርሳሱ ድምፅ ከኋላዬ ቆመ። እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

ከዚያ ያልተማርነው አንድ ነገር ከአፌ ወጣ። «ወንበሩን ለቀጣዩ እንልቀቅለት፤ እርስዎም እኮ ቆመው የጠበቁ ነዎት።»

የከንፈርሽን ጥግ አየሁት። ሳቅሽን ስትውጪ የሚንቀሳቀሰውን። ቅጹን በአራት አጠፍሽና፣ ጊዜዎን ወሰድኩብዎ ይቅርታ ብለሽ ወጣሽ። በሩን ያሳየሁሽ እኔ ነኝ።

አንደኛ ወጣሁ አክስቴ። የወንበሩ ነገር በጣም ስለተወደደ በትላልቁ ተጽፎ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ነው። አሰልጣኟ ግን ከእኔ ይልቅ ያደነቀችው አንቺን ነው። ያቺን ባለ ሜትሯን ማን ቀጠራት፣ እንዲህ ያለች ለማኝ አይቼ አላውቅም አለች። ሁሉም እኔ አይደለሁም አለ። እኔም ጭምር።

ምሳ ላይ ልወጣ እችል ነበር። ነርሷ በመስኮቱ አይታ ያቺ ሴትዮ አሁንም በር ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች አለችኝ። ትወናዋ አላለቀላትም ይሆናል አልኳትና ሾርባዬን ጠጣሁ። ውጤት የሚነገረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሲነገር በሩጫ ወጣሁ፣ የለሽም። ዘበኛው እስከ አሥር ሰዓት ጠብቃ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሄደች አለኝ። ምን አለችህ ስለው፣ «አንድ ሰው ጨዋታ አልጨረሰልኝም፣ ይመጣል» ብላኛለች አለኝ። ስትዪ ትስቂ ነበር አለ።

ጸሐፊዋ ታዝንልሻለች እኮ፤ ሳታሳልፍልሽ አትቀርም አይደል? የካቲት 23 እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ስደቢኝ፣ ርገሚኝ፤ ዝም ብቻ አትበይኝ። ሻንጣ የለኝም፤ የአባቴ ሻንጣ አልጋሽ ሥር ነበር፣ ብትልኪልኝ። ካፖርቱን እዚሁ ምስማር ላይ ትቼዋለሁ፤ እዚያ ሞቃት ነው አሉ።

ጉዴ

መጋቢት 20

ለተከበሩ በጎ ፈቃደኛ፣ ከባሕር ማዶ ላሉት፤

ጤናዎ እንደምን ነው? አየሩ ተስማማዎት? እኔ እርስዎን አንድ ቀን ብቻ ጠረጴዛዎ ጋ ቀርቤ ያየሁዎት ልብስ ሰፊ ነኝ። አያስታውሱኝ ይሆናል፤ ስድስተኛ ነበርኩ።

የጠየቁትን ሻንጣ በጊዜው ባለመላኬ ይቅርታዎን። የካቲት 16 ጠዋት የክፍሉን ቁልፍ ቀይረው ዕቃውን ደጅ ሲያወጡት ሻንጣውም አብሮ ወጣ፣ ከሰዓት አጣሁት። ጸሐፊዋ በእርግጥ አዝናለች፤ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ ነው ያዘነችው። ማሽኑን ሁለት ቀን በላስቲክ ሸፍኜ ከጎኑ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን የብረት ሰብሳቢው ጋሪውን አቁሞ ጠየቀኝ፤ ውሰደው አልኩት። ሲጭነው አገዝኩት። ወገቤን ግን አላየውም።

ያን ዕለት በግቢዎ በር ድንጋዩ ላይ መቀመጤን ሰው በቁጣ መስሎት ይሆናል። አልነበረም። ልጁ ሳይስቅ ይህን ያህል ችሎ አያውቅም፣ ዛሬስ ጎበዘልኝ እያልኩ ስስቅ ነበር። መስኮቱንም አይ ነበር። ከአሥር ሰዓት በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥም ትንሽ ሳቅኩ።

ዘበኛው አድራሻዬን ይዞ ኖሮ አሰልጣኝዎ ሰው ላከችብኝ። ለሚመጡት ሠልጣኞች ለማኝ ትሆኚያለሽ፣ አልጋና ምግብ አለው አለችኝ። ሌላ ጥሪ አልነበረኝም። የአልጋው ሽቦ ይወጋል፤ ቀድሞ የጻፈልኝ ሰው ስለነበር አልተገረምኩም። ቡናማውን ካፖርት ምስማሩ ላይ አገኘሁት። የቀኝ ኪሱን ሰፋሁት።

ሰኞና ሐሙስ እለምናለሁ። ሌላ ነገር ስለማላውቅ ያንኑ ነው የምለምነው፣ አንዲት ፊርማ። ቀኑ ካለፈ አንድ ወር ቢሆነውም ነገ ነው እላለሁ። አሥራ አንድ ልጆች ተራ በተራ ግድግዳውን ቀና ብለው እያዩ ወንበሩን ለቀጣዩ እንልቀቅለት ይሉኛል። ጎበዞች ናቸው፤ እንደ እርስዎ አድርጎ ያለው ግን ገና አልመጣም። ባለፈው ሐሙስ አንዱ ሳቀ። አብሬው ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስገባ እኔንም ቅጽ አስሞሉኝ። የቅርብ ዘመድ የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሩን ትንሽ ያዝ አደረግኩት። ከዚያ ሰረዝ አደረግኩ። እንዳሉትም አያሠቃይም።

ሜትሩ አንገቴ ላይ ነው። ማሽን ስለሌለኝ የምለካው ነገር የለም፤ ያለ እሱ ግን ባለ ሜትሯ አልባልም። ሕጉን ያውቁታል፣ የነካ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይነካውም። እኔም ሳይሳብ ከጨዋታ መሐል አልወጣም፤ ያሳደግኩት ልጅ ይህን ያውቃል።

እርስዎን የማላውቅዎት
ልብስ ሰፊ